የቡና ልመት፦ ከሙቀጫው እስከ በረካው

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ቤት በቀየርን ሰሞን እናቴን ቡና እንቢ አላት። ቡናው ኮምቦልቻ ስንጠጣው የነበረው ነው፤ ጀበናውም የለመደችው፣ ቆሊዋም አፍሊዋም ያችው እሷ። ነገር ግን አቦሉ ሲቀዳ ቀጠን ይላል፤ ሲጠጣ ደግሞ ምላስ ጫፍ ላይ ኮምጠጥ የሚል ነገር ይተዋል። መጀመሪያ የቧንቧውን ውሃ ጠረጠረች። ቀጥሎ ጀበናውን ደጋግማ አጠበች። በሦስተኛው ቀን ጥፋቱን በቡና ነጋዴው ላይ ልታደርግ ስትነሣ፣ ቡና የጠራናቸው ጎረቤታችን እትዬ እጃቸውን ወደ ሙቀጫው ሰደዱ፤ ዱቄቱን በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መካከል አሹትና «አንቺ፣ ይህ እኮ ቂንጬ ነው» አሏት።

እውነታቸውን ነበር። እናቴ ጠባቡንና ጥልቁን የድሮ ሙቀጫዋን ኮምቦልቻ ለእህቷ ትታ ነው የመጣችው። ደሴ ላይ የገዛችው አዲሱ ሙቀጫ አፉ ሰፊ፣ ዘነዘናውም ቀላል ነው። እጇ በለመደው ልክ ስትወቅጥ ቡናው በግማሽ መንገድ ይቀራል። ያን ዕለት ሃያ ሠላሳ ምት ጨመረችበት፤ የሚቀጥለው አቦል የምናውቀው አቦል ሆኖ መጣ።

በእኛ አገር ስለ ቡናው ዓይነት፣ ስለ አቆላሉ፣ ስለ ጀበናው አሮጌነትና አዲስነት ብዙ ይነገራል። የሐረሩና የጅማው፣ የሲዳማውና የወለጋው ይወዳደራል። ስለ ልመቱ ግን የሚያነሣ ጥቂት ነው። እኔ ደግሞ ከዚያ ቀን ወዲህ ቡና ተበላሸ በተባለ ቁጥር መጀመሪያ የማየው ዱቄቱን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ነገሩ እዚያው ይገኛል። ቡና ከመቀየርዎ፣ ጀበና ከመግዛትዎ በፊት የሚከተለውን ይሞክሩ።

ልመት ጣዕምን የሚለውጠው እንዴት ነው?

የተቆላ ቡና አብዛኛው ክፍሉ ውሃ የማያሟሟው እንጨት መሰል ነገር ነው። ውሃ ሊያሟሟው የሚችለው ከክብደቱ 30 በመቶ ገደማውን ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ተጠራርጎ ቢወጣ የሚጠጣ ቡና አይሆንም። በቡና ሙያ ውስጥ ጥሩ ተብሎ የሚወሰደው ከዱቄቱ ክብደት ከ18 እስከ 22 በመቶ የሚሆነው ወደ ውሃው ሲገባ ነው።

የሚወጣውም በአንድ ጊዜ ሳይሆን በተራ ነው። ቀድሞ የሚወጣው ኮምጣጣውና የፍራፍሬ ቃና ያለው ነው፤ ጣፋጩ ይከተላል፤ መራራውና አፍ የሚያደርቀው መጨረሻ ላይ ይመጣል። ስለዚህ ቡናው ቀጥኖ ከኮመጠጠ ውሃው ሥራውን ሳይጨርስ ተቀድቷል ማለት ነው። መርሮ ምላስ ካኮማተረ ደግሞ ውሃው ከሚገባው በላይ ወስዷል።

ልመት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ርዝመቷም ወርዷም ቁመቷም 2 ሚሊሜትር የሆነች ቁራጭ ጎናቸው 1 ሚሊሜትር ወደሆኑ ስምንት ቁራጮች ብትከፈል ውሃ የሚነካው ገጽ እጥፍ ይሆናል። ቡናው አልተጨመረም፤ ውሃው የሚገባበት በር ግን በዛ፤ ወደ ቅንጣቷ መሐል የሚሄድበት መንገድም አጠረ። ድፍን አተርና ክክ በአንድ እሳት ላይ ቢጣዱ ቀድሞ የሚበስለው የትኛው እንደሆነ ማንም ባለ ማጀት ያውቃል። የቡናውም ነገር እንዲሁ ነው።

ከዚህ የሚወጣው ደንብ አንድ ነው፦ ዱቄቱ ከውሃው ጋር የሚቆይበት ጊዜ ባጠረ መጠን ይላም፤ በረዘመ መጠን ይሻክር።

የማጀት መለኪያ

የቡና መሣሪያ ሻጮች ልመትን በቁጥር ይናገራሉ፤ ቁጥሩ ግን ከመፍጫ መፍጫ ይለያያል። ከዚያ ይልቅ ማንም ቤት የማይጠፉ አራት ነገሮች ይበቃሉ፦ ሽሮ፣ ደቃቅ ጨው፣ ስኳርና ጤፍ። ከእያንዳንዱ ቁንጥር ያህል በነጭ ወረቀት ላይ ይበትኑ፤ ከጎናቸው የቡና ዱቄትዎን ይበትኑ። በዓይን ካዩ በኋላ በሁለት ጣት ያሹት።

እንደ ሽሮ ከሆነ፣ ማለትም በጣት መካከል ቅንጣት ካልተሰማ፣ ለአብዛኛው የቤት አፈላል ከመጠን በላይ ልሟል። እንደ ደቃቅ ጨው ከሆነ ሞካ ለሚባለው የጣልያን ማፍሊያ ይሆናል፤ ለጀበናም የልሙ ጫፍ ነው። የስኳር ያህል ከሆነ ለወረቀት ማጥለያ ይቀርባል። የጤፍ ፍሬ ከሆነ፣ እሷ 1 ሚሊሜትር ገደማ ናት፣ ለፍሬንች ፕሬስ፣ ማለትም ዱቄቱ ከውሃው ጋር ቆይቶ በመጫኛ ወደ ታች ለሚጫንበት ማፍሊያ፣ ነው። ከጤፍ የሚበልጥ ቁራጭ ካዩ ያ ገና ያልተወቀጠ ነው፤ ወደ ሙቀጫው ይመለስ።

ለጀበና የምመክረው በደቃቅ ጨውና በስኳር መካከል ያለውን ነው። ይህን ስል የሚገረም እንደሚኖር አውቃለሁ፤ «ቡና እንደ ዱቄት መላም አለበት» የሚሉ ብዙ ናቸውና። ምክንያቴን ቀጥዬ አስረዳለሁ።

ለጀበና መውቀጥ

1. ቡናውን ለቅመው፣ አጥበው፣ ይቁሉ። አቆላሉ ልመቱን ይለውጠዋል። ጥቁር እስኪል የተቆላ ፍሬ ተሰባሪ ነው፤ በትንሽ ምት ይደቅቃል፤ ውስጡ ያለውንም ቶሎ ይሰጣል። ቡናማ ሆኖ የወጣው ግን ጠንካራ ነው፤ ምት ይፈልጋል። ስለዚህ ጠቆር አድርገው ከቆሉ ሸከር አድርገው ያስቀሩት፤ ለጋ አድርገው ከቆሉ ላም ያድርጉት። አቆላልዎን ቀይረው አወቃቀጥዎን ካልቀየሩ ጣዕሙ ሁለት ጊዜ ይስታል።

2. ያብርዱ። ጭሱ ለእንግዶቹ ከዞረ በኋላ ፍሬውን ሰፌድ ላይ ዘርግተው አምስት አሥር ደቂቃ ይተውት። ትኩስ ፍሬ ውስጡ ለስለስ ያለ ስለሆነ በምት ከመሰበር ይልቅ ይጨፈለቃል፤ ግማሹ ደቆ ግማሹ ገሚስ ፍሬ ሆኖ ይቀራል። የበረደው ግን ጥርት ብሎ ይሰበራል። እንግዳ ተቀምጦ መጠበቅ እንደሚከብድ አውቃለሁ። ያን ጊዜ ከሰሉን ለማያያዝ፣ ፈንዲሻውን ለማቅረብ ይጠቀሙበት።

3. ሙቀጫው ከሲሶው በላይ አይሙላ። ብዙ ከጨመሩበት ከሥር ያለው ደቆ እንደ ሽሮ ሲሆን ከላይ ያለው ፍሬ እንዳለ ይቀመጣል። ለስድስት ሲኒ የሚሆነውን ቡና፣ እኛ ቤት ከ40 እስከ 50 ግራም ነው፣ በሁለት ዙር መውቀጥ ጊዜ የሚያባክን ቢመስልም የሚያተርፈው ይበልጣል።

4. ድምፁን ይስሙ። ይህን ከእናቴ የተማርኩት ነው። መጀመሪያ ፍሬው ሲሰበር «ቀጭ ቀጭ» ይላል፤ ዘነዘናው ይንሸራተታል፣ ስብርባሪው ይፈናጠራል፤ ያን ጊዜ የሙቀጫውን አፍ በግራ እጅ መዳፍ ከለል ማድረግ ነው። ቀጥሎ «ከሽ ከሽ» ወደሚል ይለወጣል፤ አሁን ሁሉም ተሰብሯል፣ ገና ግን ቂንጬ ነው። በመጨረሻ ድምፁ ይታፈናል፤ ዘነዘናው አሸዋ ላይ እንደወደቀ «ዱፍ ዱፍ» ይላል። ለጀበና የሚበቃው «ዱፍ» ማለት እንደ ጀመረ ነው። ከዚያ በኋላ የሚወርደው እያንዳንዱ ምት ደቃቁን ይበልጥ ከማድቀቅ በቀር የሚፈይደው የለም። እናቴ ጓዳ ሆና እኔ ሳሎን ስወቅጥ «በቃ» ብላ የምትጣራው ሳታየው ነው፤ ስመለከተው ልክ ሆኖ አገኘዋለሁ።

5. እየወቀጡ ያገላብጡ። በየሃያው ምት ዘነዘናውን በሙቀጫው ግድግዳ ዙሪያ አዙረው ወይም በማንኪያ ከሥር ወደ ላይ ይቀይሩት።

6. ከተጠራጠሩ ይንፉት። የሻይ ማጥለያ ይበቃል፤ በላዩ የቀረውን ወደ ሙቀጫው መልሰው ጥቂት ይምቱት። ዕድሜ ልኳን የወቀጠች እጅ ይህ አያስፈልጋትም። ለጀማሪ ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ምክንያቱም በአንድ ጀበና ውስጥ ዱቄትና ገሚስ ፍሬ ከተገናኙ ደቃቁ ሲመር ትልቁ ገና ይኮመጥጣል፤ ሲኒው ውስጥ ሁለቱም በአንድ ላይ ይሰማሉ። መራራም ኮምጣጣም የሆነ ቡና የገጠመዎት እንደሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ሙቀጫው ለቡና ብቻ ይሁን። በርበሬ ወይም ነጭ ሽንኩርት የነካው ሙቀጫ ቢታጠብም ሽታውን ለቡና ያበድራል።

ጀበናው ውስጥ የሚሆነው

ውሃው ሲፈላ ቡናውን በጥቂት በጥቂቱ ይጨምሩ። አዲስ የተቆላ ቡና በውስጡ ጋዝ አምቆ ይይዛል፤ የፈላ ውሃ ሲነካው ጋዙ በአንድ ጊዜ ይለቀቅና ይገነፍላል። ልመቱ ሲበዛ ጋዙ የሚወጣበት በርም ስለሚበዛ ጀበናው አንገት ላይ አረፋው ይፈጥናል። ሁልጊዜ የሚገነፍልብዎት ከሆነ እሳቱን ብቻ አይክሰሱ።

ከዚያ በኋላ ማስከን ነው። ጀበናውን ከእሳት አውርደው ማቶቱ ላይ ዘንበል አድርገው ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ያስቀምጡት። እዚህ ላይ ነው ከመጠን ያለፈ ልመት ዋጋ የሚያስከፍለው። ውሃ ውስጥ ያለች ደቃቅ ቅንጣት የምትዘቅጥበት ፍጥነት እንደ ውፍረቷ ብቻ ሳይሆን እንደ ውፍረቷ ካሬ ነው፤ ግማሽ ውፍረት ያላት ቅንጣት ለመዝቀጥ አራት እጥፍ ጊዜ ትፈልጋለች፤ ሩብ ውፍረት ያላት አሥራ ስድስት እጥፍ። ስለዚህ የጨው ያህል የሆነው በሦስት ደቂቃ ሲሰክን የሽሮ ያህል የሆነው ግማሽ ሰዓት ቢጠብቁትም ተንሳፍፎ ይቆያል። ከሲኒው ግርጌ የሚቀረው ጭቃ መሳይ አተላ፣ ከንፈር ላይ የሚጣበቀው ዱቄት፣ እሱ ነው። ሲኒው ውስጥ ከገባም በኋላ መምረሩን ይቀጥላል፤ ወሬ ይዟቸው ዘግይተው የጠጡት እንግዳ ከሌላው የመረረ ቡና የሚደርሳቸው ለዚህ ነው።

«እንደ ዱቄት ይላም» የሚለው ምክር የመጣው ከሙቀጫ ዘመን ይመስለኛል። በሙቀጫ ዱቄት ማድረስ አድካሚ ስለሆነ «አልመው» ማለት በተግባር «ጨው አድርሰው» ማለት ነበር። የኤሌክትሪክ መፍጫው ከመጣ ወዲህ ግን ያ ምክር ቃል በቃል እየተፈጸመ ነው፤ በግማሽ ደቂቃ ሽሮ ይሆናል። ደሴ ውስጥ በየቤቱ ከምጠጣው ቡና ጥፋት የማገኝበት፣ ከመሻከር ይልቅ ከመላም የመጣው ይበዛል።

ሌላም ምክንያት አለኝ፤ እሱ ደግሞ በረካ ነው። እኛ ቡናን አንድ ጊዜ አፍልተን አንሄድም፤ አቦል ተጠጥቶ በዚያው አተላ ላይ ውሃ ይጨመራል፣ ቶና ይሆናል፣ ከዚያ በረካ። ምርቃቱ ባለበት፣ ዱአው በሚደረግበት ቤት እስከ በረካ ሳይቆዩ መነሣት ነውር ነው። ስሙም በረከት ማለት ነው፤ ቀለም ያለው ውሃ ሆኖ መቅረብ የለበትም። ቡናው ከመጠን በላይ ሲልም የሚሟሟው ሁሉ በአቦሉ ይወጣል፤ ለቶና መራራው፣ ለበረካ ስሙ ብቻ ይቀራል። ሸከር ያለው ግን ከውስጡ ያለውን ቀስ እያለ ስለሚሰጥ ለሦስተኛው ዙርም የሚያቆየው አለ።

ብዙ ሰው በሚጠበቅበት ቀን የማደርገው ይህ ነው፦ ከቡናው ሁለት እጁን እስከ ደቃቅ ጨው እወቅጠዋለሁ፤ አንድ እጁን ከስኳር ከፍ፣ ከጤፍ ዝቅ ብሎ «ከሽ ከሽ» ላይ አወጣዋለሁ። ሁለቱን ቀላቅዬ እጨምራለሁ። ደቃቁ አቦሉን ያቆመዋል፣ ሻካራው ለበረካ ይተርፋል። ቀደም ሲል መደባለቅ ጣዕም ያጣላል ካልኩት ጋር የሚጋጭ ሊመስል ይችላል፤ ልዩነቱ እዚህ ሽሮም ገሚስ ፍሬም የሌለ መሆኑ፣ ሻካራውም በሦስት ዙር ደጋግሞ መፍላቱ ነው። ለቶናና ለበረካ የሚጨመረው ውሃም እየቀነሰ ይሂድ፤ ለአቦሉ ግማሽ ሊትር ከሆነ ለበረካው ከዚያ ሲሶ ያህል የጎደለ ይበቃል።

አንድ ነገር ስለ ጨው። በገጠሩ ቡናን በጨው የሚጠጡ ብዙ ናቸው፤ ጤና አዳም የሚጨምሩም እንዲሁ። ጨው መራራነትን ከምላስ ይሸፍናል። ወግ ነውና አልነካውም፤ ልመትዎን ለመፈተን ሲፈልጉ ግን የመጀመሪያውን ጉንጭ ያለ ጨውና ያለ ስኳር ይቅመሱት፤ ካልሆነ ጥፋቱ ተደብቆ ይኖራል።

ደጋና ቆላ

እናቴን የገጠማት ችግር ዋናው ሙቀጫው ነበር፤ ነገር ግን የሐረጎን ዳገት ሽቅብ መውጣታችንም ድርሻ ነበረው። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ። ከፍታ በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር ውሃ የሚፈላበት ሙቀት በአንድ ዲግሪ ያህል ይወርዳል። ስለዚህ ኮምቦልቻ ላይ ውሃ በ94 ዲግሪ አካባቢ ሲፈላ ደሴ ላይ በ92 አካባቢ ይፈላል፤ እሳቱን ቢያበረቱት ቶሎ ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ላሊበላም ከደሴ ብዙ አይለይም። ወደ ባቲ የወረደ ሰው ተቃራኒውን ያያል።

ሁለት ዲግሪ ትንሽ ናት፤ ጀበና ላይ አንድ ሁለት ደቂቃ በማስረዘም ትካካሳለች። ፈጥኖ በሚያልፍ ወረቀት ማጥለያ ላይ ግን በግልጽ ትሰማለች። ደጋ ላይ ያሉ አንድ ደረጃ ያልሙ፤ ወደ ቆላ የሚወርዱ አንድ ደረጃ ያሻክሩ። ሌላው ማስጠንቀቂያዬ ይህ ነው፦ ከውጭ አገር በሚመጡ ማሸጊያዎችና መሣሪያዎች ላይ «ውሃው ከፈላ በኋላ ግማሽ ደቂቃ አቀዝቅዙ» የሚል ምክር ይጻፋል። ያ ውሃ በ100 ዲግሪ ለሚፈላበት ባሕር ዳርቻ የተጻፈ ነው። ደሴ ላይ ውሃው ሲፈላ ራሱ እነሱ አቀዝቅዘው ከሚደርሱበት ልክ ላይ ነው። ሳይጠብቁ ይጨምሩ።

ጀበና ላልሆኑት

ልጆች ከአዲስ አበባም ከዓረብ አገርም ልዩ ልዩ ማፍሊያ ይዘው ይመጣሉ፤ ብዙውን ጊዜ ለጀበና በተወቀጠው ቡና ይሞከርና «አይጥምም» ተብሎ ቁም ሣጥን ላይ ይወጣል።

ፍሬንች ፕሬስ፦ የጤፍ ያህል፣ 30 ግራም ቡና ለግማሽ ሊትር ውሃ፣ አራት ደቂቃ። መጫኛው ሲወርድ ረጋ ብሎ፣ ጥቂት ብቻ እየተቃወመ ሊወርድ ይገባል። ሁለት እጅ የሚጠይቅ ከሆነ ልሟል፤ በኃይል አይግፉት፣ ትኩስ ውሃ ይረጫል። እንደ ጠጠር ጭልጥ ብሎ ከወረደ ሻክሯል።

ወረቀት ማጥለያ፦ እንደ ስኳር፣ 15 ግራም ለ250 ሚሊ ሊትር። ከመጀመሪያው ጠብታ እስከ መጨረሻው ሦስት ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ከአራት ካለፈ ያሻክሩ፣ ከሁለት ካነሰ ያልሙ። ሰዓቱ ራሱ ልመቱን ስለሚነግርዎት ለመማሪያ ከዚህ የተሻለ የለም።

ሞካ፦ በ1933 እ.ኤ.አ. ጣልያን ውስጥ የወጣው፣ ውሃው በእንፋሎት ግፊት ከታች ወደ ላይ የሚወጣበት ማፍሊያ። እንደ ደቃቅ ጨው ይሁን። ውሃው ከጎን ካለችው የደኅንነት ቀዳዳ በታች ይቁም፤ ዱቄቱን ሞልተው ያስተካክሉት እንጂ አይጠቅጥቁት። ሽሮ የሆነ ቡና ከጠቀጠቁበት ውሃው ማለፊያ ያጣና ግፊቱ ይጠራቀማል፤ ይህ የጣዕም ብቻ ሳይሆን የአደጋ ጉዳይ ነው።

የኤስፕሬሶ ማሽን ያለው ካለ፣ በሙቀጫ አይሞክረው። ከ25 እስከ 30 ሰከንድ ውስጥ የሚያልፍ ውሃ እኩል የሆነ ልመት ይጠይቃል፤ ያንን የሚሰጠው ለሱ የተሠራ መፍጫ ብቻ ነው።

የኤሌክትሪክ መፍጫ ከሆነ

ገበያ ላይ የሚበዛው ባለ ምላጩ ነው። ምላጩ እንደ ወፍጮ አይፈጭም፤ ያገኘውን ይቆርጣል፤ አንዱን ቅንጣት አሥር ጊዜ ሲያገኝ ሌላውን አንድ ጊዜም ላያገኘው ይችላል። ቁልፉን ተጭኖ መቆም ትልቁ ስሕተት ነው። ሦስት ሦስት ሰከንድ እየጫኑ ይልቀቁ፤ በየመካከሉ መፍጫውን አንሥተው እንደ ጸናጽል ያንቀጥቅጡት። ለጀበና ከአምስት እስከ ሰባት ጭነት ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ቁጥሩን በራስዎ መፍጫ አንድ ጊዜ ካገኙት በኋላ ይያዙት። ረጅም ጊዜ ካዞሩት ደግሞ ይሞቃል፣ መዓዛውም ጀበናው ሳይደርስ እዚያው ያልቃል። ጥርሳም ብረቶች ያሉትን የእጅ መፍጫ ማግኘት የቻለ ሰው ከዚህ ሁሉ ያርፋል፤ በሁለቱ ጥርሶች መካከል ያለውን ክፍተት ሳያልፍ የሚወጣ ቅንጣት የለምና።

ወፍጮ ቤት የሚያስፈጩ ከሆነ ከእርስዎ በፊት ምን እንደተፈጨ ይጠይቁ። «ለጀበና» ብቻ ብለው አይተዉት፤ የመጀመሪያውን ጭብጥ በጣትዎ አሽተው «እንዲህ» ወይም «ሸከር አድርገው» ይበሉ። የተፈጨ ቡና መዓዛው በሰዓታት ውስጥ ይሸሻል፤ ለሳምንት ከማስፈጨት ቆልቶ ፍሬውን ማስቀመጥ፣ የዕለቱን ለዕለቱ መውቀጥ ይሻላል። የግድ ከሆነ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ፣ ከቅመም ራቅ አድርገው።

ቤት ውስጥ ያለ ፈተና

ይህን ሁሉ ማመን ያቃተው ሰው አንድ ከሰዓት ይበቃዋል። አንድ ቆላ ቡና ከሦስት ይክፈሉ፤ እያንዳንዱ 10 ግራም ወይም አንድ ዓይነት ማንኪያ ይሁን። አንዱን እንደ ሽሮ፣ አንዱን እንደ ደቃቅ ጨው፣ አንዱን እንደ ጤፍ ይውቀጡ። በሦስት ብርጭቆዎች አድርገው በእያንዳንዳቸው 150 ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ ያፍስሱ። አንድ ጊዜ አማስለው አምስት ደቂቃ ይተውት። ማፍሊያ አያስፈልግም። የላዩን አረፋ በማንኪያ ገፈው ሦስቱንም ለብ ሲሉ ይቅመሱ፤ ትኩሳት ጣዕም ይሸፍናልና። ሌላ ምንም ነገር አይቀይሩ፤ ውሃውም፣ ቡናውም፣ ጊዜውም አንድ ይሁን።

እኛ ቤት ስናደርገው ብርጭቆዎቹን ስም ሳንሰጥ አቀረብንላቸው። እትዬ ጤፏን «ገና ጥሬ ነው» ብለው አስቀመጡት። ሽሮውን አንድ ጊዜ ተጎንጭተው ውሃ ጠየቁ። መካከለኛውን ጨርሰው ብርጭቆውን ወደ ብርሃኑ አነሡና ከግርጌው የቀረውን አተላ አዩ፤ ጥቂት ነበር፣ ሲያዘነብሉትም ከቦታው አልተነሣም። ከዚያ ወደ እናቴ ዞረው «ሙቀጫሽን አምጪልኝ» አሏት።